ጠላትን በጠላቱ ስለሚያስጠብቀው ሰንሰለት

ጎንደር፥ ጥር ፲፱፻፶ ዓ.ም.

ለተከበሩ ባላምባራስ ማሩ ወልደኢየሱስ፥
የወጣት እስረኞች ግቢ አዛዥ

ክቡር ሆይ፥ የእግዚአብሔር ሰላም አይለይዎ እያልሁ፥ ከማክሰኝቱ ሠርግ በደህና መመለስዎን፥ ትከሻዎም ከእስክስታው ድካም ማገገሙን በትሕትና እጠይቃለሁ። በግቢዎ ለታሰሩት ልጆች ፊደልና ግብረ ገብ እንዳስተምር የተቀጠርሁት እኔ መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ፥ እግዚአብሔር ይመስገን፥ ደህና ነኝ። ይህችን ደብዳቤ የጻፍሁት፥ ዳኛው የተባለው ትንሽ ልጅ ወንድሙን ክንዱን ከገደለው ከፋንታሁን ጋር ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ እግር ለእግር እንዲታሰር የሰጡትን ትእዛዝ እንዲያነሱልኝ ለመለመን ነው። ለማኝ አስቀድሞ ማመስገን ይገባዋልና ምስጋናዬን በተራ አቀርባለሁ።

፩ኛ. ስለ ጥበብዎ አመሰግናለሁ። በጠዳ ሁለት ቤተሰብ ደም መቃባቱን፥ ክንዱ በአጎቶቹ ግፊት የፋንታሁንን አባት በጥይት መግደሉን፥ ፋንታሁንም በአጸፋው የእነ ክንዱን ቤት ማቃጠሉን እያወቁ፥ ሁለቱ ልጆች እጅዎ በገቡ ጊዜ በአንድ ሰንሰለት አቆራኟቸው። እኔ ከርሞ ጥጃው ይህ ነገር ነፍስ ያጠፋል ብዬ ደጅዎን ብጠና፥ ጠላትን ከጠላቱ አብልጦ የሚጠብቅ ዘበኛ የለም፥ ቁራኛ የአባቶቻችን ሥርዓት ነው ብለው አስተማሩኝ። አባቶቻችን ከሳሽንና ተከሳሽን ኩታ ለኩታ የሚቋጥሩት ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ብቻ መሆኑን፥ በኩታ ጫፍም አንገት እንደማይሰበር ባስረዳዎ፥ በዘበኛ አስገፍተው አስወጡኝ።

፪ኛ. ስለ ቁልፉም አመሰግናለሁ። ቅዳሜ ልጆቹ አንገረብ ወንዝ ወርደው ልብስ ሲያጥቡ፥ ፋንታሁን ሰንሰለቱን በክንዱ አንገት ጠምጥሞ ፊቱን ከድንጋይ ጋር ደጋግሞ ሲያጋጨው፥ እኔና ዘበኛው በቆመጥ ብንቀጠቅጠውም እጁን ማስለቀቅ አልቻልንም። ውሃው ደም ሆነ። ክንዱ በእጃችን ላይ ሞተ። ቁልፉ በኪስዎ ሆኖ ማክሰኝት ይጨፍር ስለነበረ፥ ያለ ፈቃድዎ ሰንሰለት የሰበረ ዘበኛም እንደሚገረፍ አስቀድመው ስላስጠነቀቁ፥ ገዳዩ ሬሳውን ከወንዝ እስከ ግቢ እየጎተተ መጥቶ አብሮት አደረ። በማግስቱ ስገባ ፋንታሁን ቀና ብሎ «የኔታ፥ ደሜን መለስሁ፤ ምነው ታዲያ አይለቀኝም?» አለኝ።

፫ኛ. የክንዱ እናት ወይዘሮ እናኑ በዚያው እሑድ፥ ምንም ሳይሰሙ፥ ለልጃቸው ስንቅ ይዘው ከጠዳ ደረሱ። የልጃቸውን የተቀጠቀጠ ፊት በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉ። ሊገንዙት እግሩን ሲያስተካክሉ የፋንታሁን እግር አብሮ እየተሳበ መጣ፤ ትተው እንደገና ሞከሩ፥ እንደገናም መጣ። ይህን ቆሞ ያየው ታናሹ ልጃቸው ዳኛው ድንጋይ አንስቶ የፋንታሁንን መንጋጋ ሰበረው፥ ጥርሱንም አረገፈው። በዚህም ምክንያት ወንድሙን ሊጠይቅ የመጣው ልጅ እስረኛ ሆኖ ቀረ። እናቲቱ ያልተነካ ስንቃቸውን ተሸክመው ወጡ።

፬ኛ. በሰኞው ፍርድዎ ተደንቄአለሁ። ከሠርግ ተመልሰው ሬሳውን ፈቱ፤ መንጋጋው የተሰበረውን ልጅ ጀርባው እስኪላጥ በጅራፍ አስገረፉ፤ ሌሎቹም ልጆች ግብረ ገብ እንዲማሩ ቆመው እንዲያዩ አደረጉ። ከዚያ ሰንሰለቱ ሥራ ፈት እንዳይሆን፥ የተገረፈው እስከሚቀጥለው ሰኞ ቆሞ መሄድ ይችላልና ያን ቀን ከዳኛው ጋር ይቆራኝ ብለው አዘዙ።

ክቡር ሆይ፥ ማሽሞንሞኑን ልተወውና፥ ከሁለቱ አንዱ ይሞታል። ዳኛው ለእናቱ የቀረላቸው የመጨረሻ ልጅ ነው፤ ፋንታሁንም ቢሆን ጭካኔን ከእናቱ ጡት አልጠባም፥ እኛ በጭካኔ አሳደግነው እንጂ። እኔ ከዛሬ ጀምሮ በግቢዎ ሀ ብዬ የማስቆጥረው ፊደል የለኝም፤ ንዴቴ ከትምህርቴ በልጦብኛል።

ክንዱ ያልኖረው ዘመን ሁሉ በዕድሜዎ ላይ ይጨመርልኝ እያልሁ፥ ከጫማዎ ሥር ወድቄ እጅ የምነሳ፥ ጅራፉ ሲጮህ የአንዲት ፊደል ድምፅ እንኳ ያላሰማ፥

የግቢዎ መምህር
መሪጌታ ኃይለ ጊዮርጊስ

ግልባጭ፦ ቅዳሜ ገበያ ለሚውል ማንበብ ለሚችል ሁሉ፤ ለማይችለውም ቆሜ አነብለታለሁ።

ማስታወሻ፦ ሰኞ ጠዋት ሰንሰለቱ ሲጠፋ ዘበኞቹን በከንቱ እንዳያስገርፉ፤ ከዕቃ ቤት አውጥቼ አንገረብ ውስጥ የጣልሁት እኔ ነኝ። አንጥረኛ ጠርተው ሌላ ባሠሩ ጊዜ፥ ልጆቹን ትተው መጀመሪያ የእኔን እግር ይሰሩበት። ቁራኛ በመፈለግም አይድከሙ፤ በጎንደር ከእርስዎ የከፋ ጠላት የለኝምና ሌላውን ጫፍ በገዛ እግርዎ ላይ ይቆልፉት።