ባዶው ወፍጮ

ኅዳር ፮ ቀን ፲፰፻፹፪

ከቅዳሴ በኋላ የቤተ ክርስቲያኑን ክዳን ስናድስ ዋልን። ከብቱ በበሽታ ካለቀ ወዲህ ሣሩ ሞልቷል፤ የሚያጭደው ጉልበት ነው የጠፋው። ሁለት ሸክም እንኳ አልሞላልንም።

መምሬ ወልደ ሐዋርያት አልመጡም። እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ክረምት ወንዙ ሲሞላ እንኳ ልብሳቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው ተሻግረው የሚመጡ ሰው ናቸው። ትኩሳት ይዟቸዋል አሉ።

ኅዳር ፰

ልጠይቃቸው ወደ የካ ወረድሁ። ጎረቤታቸው ጂቱ ናት የምታስታምማቸው። ልጅ የላቸውም፤ እሷም ባሏ ከሞተ ቆይቷል። በር ላይ ያዘችኝ።

«አባ፣ ያወራሉ።»

«ይቃዣሉ ማለትሽ ነው?»

«አይደለም። ሰው የተናዘዘላቸውን ያወራሉ።»

ገባሁ። የአንዲት ሴት ስም ጠሩ፣ ከዚያ ልጇ የማን እንደሆነ... ጆሮዬን ያዝሁ። አርባ ዓመት ሙሉ የዚህ አገር ሁሉ የነፍስ አባት! ከአፋቸው አንድ ቃል አምልጦ አያውቅም። አሁን በአማርኛ የሰሙትን በአማርኛ፣ በኦሮምኛ የሰሙትን በኦሮምኛ ይመልሱታል። አፋቸው ተከፍቷል፤ እሳቸው ግን የሉም።

ለእሳቸው የፈራሁ መስሎኝ ነበር። ዳገቱን ስወጣ ነው የገባኝ። የወንድሜን የአካሉንም ነገር ያውቁ ይሆናል።

ኅዳር ፱

አካሉ ታናሼ ነበር። እንጨት ሊቆርጥ እንጦጦ ወጥቶ ገደል ሥር ሞቶ ተገኘ። ወደቀ አሉ። እናቴ አላመነችም። «ገደል ማጅራት አይመታም» ትላለች እስከ ዛሬ።

ያኔ የአጎቴ ልጆች ጦር ስለው ነበር። ማንን እንደሚወጉ ሳያውቁ፣ ብቻ ከማዶ መንደር አንድ ሰው። መምሬ በሁለቱ መንደር መካከል ድንጋይ ላይ ተቀምጠው እህል ውሃ አልቀምስም አሉ። ጦሩ ሲሰቀል ነው የተነሡት። ያኔ የነገራቸው ሰው ነበር? አውቀው ነው እዚያ የተቀመጡት?

ማወቅ እፈልጋለሁ... እፈልጋለሁ?

ኅዳር ፲፩

ወሬው ወጣ። ጠያቂው በዛ፤ ግን እንደ ድሮው እጅ ለመሳም አይደለም። ግማሹ ሊሰማ ይመጣል፣ ግማሹ እንዳይሰማበት። ጭቃ ሹሙ በዳዳ ደጅ ተቀምጦ የሚገባ የሚወጣውን ይቆጥራል። መድኃኒት ነው ብሎ በዋንጫ አንድ ነገር ይዞ መጣ። ጂቱ አመስግና ተቀበለችና ጓሮ ወስዳ ደፋችው።

«ምን ነበረበት?»

«እኔ ምን አውቄ። ማርም ቢሆን ደፍቼዋለሁ።»

እናቴም አልተወችኝ። «ራስጌያቸው የምትቀመጠው አንተ ነህ። አንድ ስም ብቻ፣ ሳልሞት» አለችኝ። ብነግራት የአጎቴ ልጆች ይሰማሉ። ከሰሙ ደም ነው። ባልነግራትስ? ዓይኗን ማየት አቃተኝ።

ኅዳር ፲፫

ጂቱ ወፍጮዋን አሸክማ መጥታ መኝታቸው አጠገብ አስተከለችው። እሳቸው ማውራት ሲጀምሩ እሷ ገብስ መፍጨት ትጀምራለች። ከደጅ የሚሰማው ወፍጮው ብቻ ነው።

«አንቺስ ትሰሚ የለም ወይ?» አልኋት።

«መጅ የያዘ ሰው ምን ይሰማል?»

በዚህ ሰሞን የሳቅሁት ዛሬ ብቻ ነው።

ኅዳር ፲፭

የነቢያት ጾም ገባ። ቅስና የተቀበልሁ ሰሞን መምሬ ቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ካለው ወይራ ሥር ወስደው ያሳዩኝ ትዝ አለኝ። ሲያናዝዙ ጋቢያቸውን ከተናዛዡ ጉልበት ሥር ያነጥፋሉ፣ ውርጭም ቢሆን። ፊታቸውን ደግሞ ወደ ሸለቆው ያዞራሉ፣ ሰውየው እንዳያፍር። «ካልበረደህ አልሰማኸውም ማለት ነው» አሉኝ። ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ኅዳር ፲፯

ገብሱ አለቀ። በዚህ የረሃብ ዘመን ከየት ይመጣል? ጂቱ ባዶውን ወፍጮ ትፈጨው ጀመር። ጥርስ የሚያንገጫግጭ ድምፅ ነው። ሴቶቹ ተራ ገቡላት።

ዛሬ በዳዳ ራሱ ገብቶ ተንበረከከና መጁን ያዘ። ወንድ ልጅ፣ ያውም ጭቃ ሹም፣ ወፍጮ ላይ! ማንም አልሳቀበትም። ላቡ ጠብ እያለ ፈጨ። ምን ይሆን የሚሸፍነው? አካሉን የገደለው እሱ ይሆን? እግዚኦ... ሰውን ሁሉ በዚህ ዓይን ማየት ጀምሬያለሁ። ትናንት ሰላም ያለኝን ዲያቆን እንኳ እጁን አየሁት።

ኅዳር ፳

ጂቱ ውሃ ልትቀዳ ወረደች። ደጅም ማንም አልነበረም። መምሬ ዓይናቸውን ገለጡ፤ እኔን ግን አላዩኝም።

«አካሉን...» አሉ። «አካሉን እኮ... ልጄ፣ በምን መታኸው?»

የሚያናግሩት ሰው በቅዠታቸው ፊታቸው ቆሟል፣ ቀጥሎ በስሙ ይጠሩታል። ምንም ማድረግ አልነበረብኝም፤ ዝም ብዬ መቀመጥ ብቻ።

መጁን ያዝሁ። ፈጨሁ። ጂቱ ተመልሳ ትከሻዬን ስትይዘኝ እያለቀስሁ ነበር፣ መዳፌም ተልጧል። «ይበቃዎታል አባ፣ ተኝተዋል» አለችኝ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ጠበቀችኝ። «ምን ሰማህ?»

«ወፍጮውን ብቻ።»

ኅዳር ፳፪

መምሬ አረፉ። ወይራው አጠገብ ቀበርናቸው። የአጎቴ ልጆችና የማዶ ሰዎች በአንድ ቃሬዛ ተሸከሟቸው። አፈሩ ከተመለሰ በኋላ በዳዳ «እንግዲህ ማን ይሰማናል?» አለ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። መዳፌን ጋቢዬ ውስጥ ደበቅሁት።

ታኅሣሥ ፫

የመምሬ የነፍስ ልጆች ወደ እኔ መምጣት ጀምረዋል። «ወፍጮ የፈጨው ቄስ» ይሉኛል አሉ፤ ሲሉት አይስቁም።

ዛሬ ጠዋት አንድ ሰው ወይራው ሥር መጣ። ጋቢዬን አነጠፍሁለት። ፊቴን ወደ ሸለቆው አዞርሁ።

«መምሬ ያውቁት ነበር። እርስዎ ግን...» አለ። ከዚያ፣ «አካሉን» አለ።

ብነሣ ብሄድስ? አልሁ በልቤ። ወይራው ሥር ድምፁን የሚሸፍንልኝ ወፍጮ የለም። እስከ መጨረሻው ሰማሁት። የነገረኝን አልጽፍም፣ ስሙንም አልጽፍም። ዞሬ አላየሁትም፤ ድምፁን ግን አውቀዋለሁ። ይፍቱኝ አለኝ። ቃሉ ከአፌ ወጣ፤ ልቤ ገና ነው። ነገ መንገድ ላይ ስንገናኝ በምን ፊት አየዋለሁ? ቁርባን ሲቀበልስ?

በረደኝ፤ ፀሐይ ከወጣች በኋላም በረደኝ።

እናቴ ደጃፍ ላይ ነበረች። ጋቢዬን አየችው፤ አፈሩ ላይ ሁለት ጉልበት ታትሟል።

«ዛሬስ ምን ሰማህ?»

«ወፍጮውን ብቻ።»

«ወፍጮው ከቆመ እኮ ሰነበተ» አለች።

ጋቢውን ተቀበለችኝ፣ አፈሩን አራገፈች፣ መልሳ አለበሰችኝ። ሌላ አልጠየቀችኝም።