ግድግዳው ላይ የቀረው ገጽ

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣ ለእትዬ፤

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽስ? ያ ትከሻሽን የሚወጋሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ ዛሬም እያደረ ይነሣብሻል? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ፣ አማትሽስ? እኛ ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ ጤናችንን ነው እንጂ፣ ሌላው ነገራችን እንኳን ደህና አይደለም። ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ የጎረቤታችንን ላውጋሽ፤ እሳቸውን ትቼ ወደ ሌላ ብገባ እንደምትቆጪኝ አውቃለሁ። ጡረተኛዋ ነርስ፣ ልጅ ሆነን "እማማ መርፌ" የምንላቸው፣ እግራቸው ላይ የነበረው ጀሶ ወልቆላቸዋል። ከሦስት ወር በፊት ከእግረኛው መንገድ ወደ አስፋልቱ ሲወርዱ ወድቀው እንደተሰበሩ ነግሬሽ ነበር። አሁን በከዘራ ብቅ ብቅ ማለት ጀምረዋል። ልጃቸው መንታ ልጆቹን ይዞ መጥቶ ሁለት ሳምንት ከረመ። መንትዮቹ ክራንቻቸውን ፈረስ አድርገው ግቢውን ሲያምሱት፣ "ከእኔ ክራንቼ ቀድሞ መሮጥ ጀመረ" እያሉ ይስቁ ነበር። አንቺንም ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፤ "ያቺ መርፌ ስታይ አልጋ ሥር የምትገባው ደህና ናት?" ይላሉ።

አሁን ወደሚያቃጥለኝ ልምጣ። ባለፈው በስልክ "የገዛ ልጅሽ ናት አሉ ከቦታሽ ያስነሣችሽ፣ እውነት ነው?" ብለሽ ስትጠይቂኝ መስመሩ ባይቋረጥ ኖሮ ጮኼብሽ ነበር። "ወደ እኔ ላኪያት፣ ሥርዓት አስይዛታለሁ" ያልሽውንም ሰምቻለሁ። እትዬ፣ አልልክልሽም። ግን ነገሩን ከሥሩ ካልነገርኩሽ አይገባሽም፤ ደግሞም የስፌት መኪናው ያንቺ ነው፤ እዚያ የእግረኛው መንገድ ላይ አስቀምጠሽልኝ የሄድሽው አንቺ ነሽ። ስለዚህ ማወቅ አለብሽ።

ልጄ ዘንድሮ አሥረኛ ክፍል ናት። የቋንቋ መምህራቸው አንድ ቀጭን ወጣት ነው፤ ምን ብትነግሪው "ማስረጃሽ የታለ?" ስለሚል ተማሪዎቹ "ማስረጃ" ብለው ነው የሚጠሩት። ይህ ሰው የክርክር ጽሑፍ ያስተምራቸዋል። እንደ እኛ ጊዜ ከተማ ይሻላል ገጠር እያሉ መጨቃጨቅ የለም፤ ከቤታችሁ በእግራችሁ ሄዳችሁ የምታዩትን ችግር አምጡ ይላቸዋል፤ የቧንቧውን፣ የቆሻሻውን፣ የመንገድ መብራቱን። ከዚያ ዕጣ ያወጣሉ። የወጣልሽን ወገን ልብሽ ባይፈቅደውም አንድ ገጽ ሙሉ ትሟገቺለታለሽ። በማግሥቱ ደግሞ በሌላ ወረቀት ላይ ዞረሽ ለተቃራኒው ትሟገቻለሽ። "እንደሚታወቀው" ብሎ የጀመረ ተማሪ ካለ በቀይ ይሰርዝበትና ጠርዙ ላይ "ለማን ነው የሚታወቀው? ማን ነገረህ?" ብሎ ይጽፍበታል።

የኛዋ የእግረኛውን መንገድ መረጠች። የእማማ መርፌ መውደቅ ከልቧ አልወጣ ብሏት ነው። ዕጣው ደግሞ "በእግረኛ መንገድ ላይ የሚሠሩ ይነሡ" የሚለውን አወጣላት።

አንድ ቅዳሜ ሱሪ እያሳጠርኩ መጣችና "እማዬ ሜትርሽን አውሺኝ" አለችኝ። አንገቴ ላይ ያለውን አውልቄ ሰጠኋት። የሒሳብ የቤት ሥራ መስሎኝ አንዱን ጫፍ እኔው ያዝኩላት፤ እዪው እንግዲህ፣ በገዛ ሜትሬ! ከዚያ አጠገቤ ተቀምጣ ወደ አስፋልቱ የሚወርደውን ሰው ስትቆጥር ቆየች። ቆጥራ ስትጨርስ "እማዬ፣ በዚህ የሚያልፍ ሰው ስላንቺ ምን የሚል ይመስልሻል?" አለችኝ። እኔ ደግሞ እንደምታውቂኝ ነኝ። እስፒሉን በከንፈሬ ይዤ፣ "ምን ይላል፣ ይቺ ሴትዮ መንገዱን ጓዳዋ አደረገችው፤ የቀራት አልጋዋን ማምጣት ብቻ ነው ይላላ!" አልኳት። ከጎኔ የሚሠራው ጫማ ሰፊም ሰምቶ ሳቀ። ሦስታችንም ሳቅን። እሷ ግን እየሳቀች ጻፈችው።

የወላጆች ቀን ሲደርስ መምህሩ የልጆቹን ጽሑፍ በሙሉ ኮሪደሩ ላይ ለጠፈው፤ አንደኛውን ገጽ በላይ፣ ሁለተኛውን በታች። እኔ የሙሽራ ልብስ ይዤ ስለነበር አልሄድኩም። የማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ የክብር እንግዳ ሆኖ ተጋብዞ ነበር አሉ። ያን የልጄን የላይኛውን ገጽ አንብቦ "እንዲህ ያለ ወጣት ነው የምንፈልገው" ብሎ ራሷን ዳሰሳት፤ ገጹንም ነቅሎ፣ አጣጥፎ፣ ኪሱ ከተተው። ልጄ የዚያን ዕለት በደስታ እየዘለለች ነው የገባችው። እኔም እልል አልኩ፤ ምን አውቄ!

በሳምንቱ ጠዋት መኪናዬን ላወጣ ስሄድ ምሰሶው ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። "እንደሚታወቀው" ብሎ ይጀምራል። በወጣቶቻችን ጥናት እንደተረጋገጠው በአንድ ሰዓት ውስጥ አርባ አንድ ሰው ወደ አስፋልት ለመውረድ ተገድዷል ይላል። ቀጥሎ ደግሞ ነዋሪው በምሬት እንደገለጸው፣ "መንገዱን ጓዳዋ አደረገችው፤ የቀራት አልጋዋን ማምጣት ብቻ ነው።" ስለዚህ በአሥራ አምስት ቀን ውስጥ ተነሡ! እትዬ፣ ደግሜ አነበብኩት። የኔ ቀልድ እኮ ነው! ነዋሪው በምሬት! ነዋሪዋ እኔ፣ የተማረርኩትም በራሴ መሆኑ ነው?

ጫማ ሰፊው ከዚያች ቀን ጀምሮ ሰላምታዬን ነፈገኝ። ለሰው እንደሚናገር ሆኖ እኔን እያየ፣ "አንዳንድ ሰው ልጁን ያስተምራል፤ ልጁ ደግሞ ጎረቤቱን ታስነሣለች" ይላል። ከእሱ ቀጥሎ የሚቀመጠው ስልክ ጠጋኝ ደግሞ የባሰበት፤ "እትዬ፣ ልጅሽን ንገሪያት፣ እኔንም ትለካኝና ቁመቴን በጋዜጣ ታውጣልኝ" ይለኛል። እኔም ቤት ገብቼ ልጄን አላናገርኳትም። ሦስት ቀን ሙሉ! ሳህኑን ከፊቷ አስቀምጬ ዞር እል ነበር። ባሌም እንደ ልማዱ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው።

በአራተኛው ቀን ደሜ እንደፈላ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሩ "እናቴ፣ ይቀመጡ" አለኝ። አልቀመጥም አልኩት። ልጅ በእናቷ ላይ እንድትመሰክር ነው ወይ የምታስተምረው? አንተ እናት የለህም? እናትህ የተቀመጠችበትን ወንበር ለክተህ ታውቃለህ? አልኩት። ከተማሪው ፊት ነው እንግዲህ፤ አላፈርኩም። እሱ አልተቆጣም። ተነሥቶ ኮሪደሩ ላይ ወሰደኝና ግድግዳው ላይ አሳየኝ። ከላይ አራት የእስፒል ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል። ከታች ግን ሁለተኛው ገጽ እንደተሰቀለ ነው። ማንም አልነካውም።

ቆሜ አነበብኩት። እኔ የንባብ ሰው አይደለሁም፤ ግን የልጄ ጽሕፈት ነው። እንዲህ ይላል፦ የእግረኛው መንገድ ስፋት ሁለት ሜትር ከአርባ ነው። የእናቴ መኪና ከነወንበሩ በአግድም ተቀምጦ አንድ ሜትር ከሠላሳ ይይዛል። ከፊቱ ያለው የማዘጋጃ ቤቱ የሲሚንቶ ገንዳ አንድ ሜትር ይይዛል። ለሰው የሚቀረው አሥር ሳንቲ ሜትር ነው። ከዚያም መኪናውን ከግድግዳው ጋር በቁመቱ ብናዞረው ስድሳ ሳንቲ ሜትር ብቻ እንደሚይዝ፣ ገንዳው ደግሞ ቢነሣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን እንደሚያልፍ ጽፋለች። አየሽልኝ? እነዚያን ገንዳዎች አታውቂያቸውም፤ አበባ እንተክላለን ብለው የዛሬ ሁለት ዓመት የደረደሯቸው ናቸው። አበባ የሚባል ነገር አይተው አያውቁም፤ የሲጋራ ቁራጭና የዝናብ ውሃ ነው የሞላባቸው። እማማ መርፌ የወደቁት በእኔ መኪናና በዚያ ገንዳ መካከል ማለፍ አቅቷቸው ነው። ኃላፊው ይህን ገጽ ያላነበበ ይመስልሻል? ከእጁ ሥር እኮ ነው የነበረው! አንብቦታል። የራሱን ገንዳ ሲያይ ተወው እንጂ።

መምህሩንም በዚህ አለቀቅኩትም። ታዲያ አንተ የተማርክ ሰው ሆነህ ሁለቱን ሐሳብ ለምን በተለያየ ወረቀት አስጻፍካቸው? አልኩት። ለማረም ስለሚቀለኝ ነው አለ። ከዚያ መሬት መሬት እያየ፣ "ከአሁን በኋላ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ ነው የማስጽፈው። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የእሷ አይደለም" አለኝ። ማዘጋጃ ቤትም ሁለት ጊዜ ሄዶ በር ላይ መልሰውታል። ጥፋቱን ሲያምን ነጠላዬን ሰብስቤ ወጣሁ።

ቤት ስገባ ልጄ ደብተሯ ላይ ተደፍታ አገኘኋት። ሁለተኛውን ገጽ ለምን አልነገርሽኝም? አልኳት። "መች አናገርሽኝ?" አለችኝ። አጠገቧ ተቀመጥኩና "በይ ብዕርሽን አምጪ፣ ማመልከቻ እንጽፋለን" አልኳት።

አሁን ደግሞ ሌላ ጠብ! እኔ እንደ ወጉ "እኔ ልጅ የማሳድግ ምስኪን እናት" ብዬ ልጀምር ስል በቀይ ሰረዘችው። "እማዬ፣ ይሄ ማስረጃ አይደለም" አለችኝ። "እንደሚታወቀው ሃያ ዓመት ሙሉ" አልኩ፤ እሱንም ሰረዘችው። ከዚያ ይባስ ብላ ከሁሉ በፊት የእነሱን እውነት እናስቀምጥ አለች፤ ከአርባ አንዱ ሰው ሃያ ሁለቱ የወረዱት በእኔ መኪና ፊት ነው፣ ይሄንን ሳናምን ስለ ገንዳው ብንናገር ማን ይሰማናል? አለችኝ። በገዛ እጄ በራሴ ላይ ልፈርም? ብዕሩን ወረወርኩት። መልሳ አነሣችልኝ። "እማማ መርፌ የወደቁት የት ነው?" አለችኝ፣ ቀስ ብላ። ፈረምኩ። እየተናደድኩ ፈረምኩ፤ ግን ፈረምኩ።

በማግሥቱ መኪናሽን ከግድግዳው ጋር አዞርኩት። ብርሃኑ አሁን ከኋላዬ ስለሚመጣ የእጄ ጥላ መርፌው ላይ ይወድቃል፤ ጥቁር ጨርቅ ሲሆን ዓይኔ ይጠፋል። ግን ሰው ያልፋል። ጫማ ሰፊውም ሲያየኝ ቆይቶ ሣጥኑን ወደ ውስጥ ሳበ፤ እስካሁን ሰላም አላለኝም፣ ግን ሳበ።

ማመልከቻውን ይዘን ኃላፊው ዘንድ የገባነው እኔና ልጄ ነን። ሲያያት ፈገግ ብሎ "ጎበዟ ተማሪያችን!" አለ። ልጄ እሱ የወሰደውን ገጽ ደግማ ጽፋ፣ ሁለቱንም ገጽ ከማመልከቻው ጋር አያይዛ በስፌት መርፌ ወግታ በክር ሰፍታዋለች፤ ማንም እንዳይገነጥለው። እያነበበ ስለ ገንዳው የተጻፈው ጋ ሲደርስ ፈገግታው ጠፋ። "ይሄ እንደሚታወቀው የከተማ ማስዋብ ሥራ ነው" አለ። አፌ አልያዘልኝም እትዬ፤ "ለማን ነው የሚታወቀው?" አልኩት። ልጄ እግሬን ረገጠችኝ። እሱ ወረቀቱን እያገላበጠ፣ ሐሙስ ራሴ መጥቼ አስለካለሁ፣ እስከዚያ ማስታወቂያው እንዳለ ነው አለን። ስለዚህ ቦታሽ ላይ ልቆይ ወይስ ልነሣ የሚታወቀው ሐሙስ ነው።

ስለዚህ ልጄን ሥርዓት ማስያዙን ተይልኝ። ሥርዓት የሚያስፈልገው ለኃላፊው ነው። እሱን ልላክልሽ?

ለባለቤትሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ፤ የላከው የክር ጥቅልል እስካሁን አላለቀም በይው። ለአማትሽ እግራቸውን ስሜ ነው። ለትልቁ ልጅሽ፣ ትምህርቱን እንዳያቋርጥ አደራ በይልኝ፤ ለመካከለኛዋ ያቺን ቀሚስ እየሰፋሁላት ነው፣ ጥላው እየረበሸኝ ዘገየሁ እንጂ። ትንሿን ጉንጯን ሳሚልኝ። ልጄም ሰላም ብላሻለች፤ ይህንን ደብዳቤ አንብባ ሁለት ቦታ ላይ "ማስረጃ?" ብላ ጽፋብኝ ነበር፣ ላጲስ ወስጄ አጠፋሁት።

ልዘጋው ስል እማማ መርፌ መጡ። ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻቸውን፣ በከዘራ። በእኔና በገንዳው መካከል ወደ አስፋልቱ ሳይወርዱ ቀስ ብለው አለፉ። ከዚያ ቆም ብለው ጉልበታቸውን አሹት። "ባንቺ በኩል ደህና አለፍኩ፤ በእነሱ በኩል ግን ገንዳው ነካኝ" አሉ። ጫማ ሰፊው ሮጦ የራሱን ወንበር አመጣላቸው፤ እሳቸው ግን እንቢ ብለው የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡና ከዘራቸውን ጭናቸው ላይ አጋደሙ። "ሐሙስ ጠዋት እዚሁ ነው የምጠብቀው" አሉኝ። "ሲለካ እኔንም ከነእግሬ ይለካኝ።"

ከመኪናሽ አጠገብ፣ ከግድግዳው ሥር
ማክሰኞ፣ የካቲት 9
ታናሽ እህትሽ