ወሰን የሚሻገር ቅሬ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወራህመቱላህ። ጤናህ እንዴት ነው? የዓይንህ ሞራ ተገፈፈልህ? ላሚቱስ ወለደች? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ፤ ጥርሴም ዛሬም አጥንት ይቆረጥማል። ስልኬን ስለማታነሳ ጎረቤቴ መርጌታ ታመነ ይጽፍልኛል። እኔ እናገራለሁ፣ እሱ ይጽፋል።

ወሬ አለኝ! ሐሙስ ሐይቅ ከተማ አዳራሽ፣ አገር እንዴት ትተዳደር፣ ምከሩ ተብለን ተጠርተን ነበር። የተማረው ሁሉ ወረቀት እያየ ሲናገር ዋለ። አንዱ፣ ሁሉም ለአንድ ቢሮ ይታዘዝ አለ። ሌላው፣ እያንዳንዱ ብሔር በሩን ዘግቶ ይቀመጥ አለ። ደሜ ፈላ። ሳይፈቀድልኝ ብድግ አልኩ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ እናንተ እድር የምትሉት የቅሬ ዳኛ ሆኜ ግን ሃያ ዓመት ቀባሪ አሰልፌአለሁ። አገር እንደ ቅሬ ትሁን! እያንዳንዱ መንደር የራሱ ዳኛ ይኑረው፣ በራሱ ቋንቋ ይማከር፣ በደጁ ማንም መጥቶ አይዘዝበት። መንገዱና ጠረፍ ጠባቂው ግን የጋራ ይሁን» አልኩ።

አንድ መነጽር ያደረገ ጎረምሳ ሳቀና «አባባ፣ ይሄ እኮ ፌዴራል ይባላል፤ ከያዝነው ሠላሳ ዓመት አለፈው» አለኝ።

«ስሙንማ ከራዲዮ ሰምቼዋለሁ፤ እኔ የምነግርህ የጎደለውን ነው!» አልኩት። «አንዱ ሲቀብር ሌላው ወሰኔ አይደለም ብሎ እንዳይቀር፣ ሕግ ይግባበት።» አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ!

ያኔ ዓሣ ሻጯ ረቢያ ተነሳች። ምላሷን ታውቀዋለህ። «ጋሼ ኑርዬ፣ የወንድምዎ ሚስት ሀውራ ስትሞት የአንቱ ቅሬ ወጥቶ ነበር?» አለችኝ።

መዋሸት እችል ነበር። «አልወጣም» አልኩ። «የእነሱ የአምባሰል መንደር ከእኛ ቅሬ ተለይቶ የራሱን ሲያቆም፣ ከሚለየን ወንዝ ማዶ ለቅሶ የወጣ ይቀጣ የሚል ደንብ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ደንቤን አላፈርስም ብዬ እኔም ቤቴ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ አገር እንዳትሠሩ ብዬ ነው የተነሳሁት።»

ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰውዬ ቀና ብሎ አየኝና ያልኩትን አንድም ሳያስቀር ጻፈው። የእኔ ቃል አዲስ አበባ ይገባል፣ ወንድሜ!

በማግስቱ ከጁምዓ በኋላ ቅሬውን ሰብስቤ ያን ደንብ ሻርኩት። ጎረቤታችን አሻግሬ «እስካሁን የተቀጣነውስ? ዳኛው ይካሰን እንጂ!» ብሎ ሰዉን አሳቀው። እኔም ሳቅሁ።

እሁድ በጠዋት እንመጣለን። ድንኳኑን ተሸክመን፣ ትልልቁን ድስትና የሰደቃውን በግ ይዘን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አንድ ሰው አይቀርም። ሁለት ዓመት ዘገየን። እዚያ ማዶ ዳኛው አንተ ነህ፤ እኔ ደግሞ ዳኝነቴን ወንዙ ላይ ጥዬ ነው የምሻገረው። ቅጣቴን ቁረጥ፣ አፌን አልከፍትም።

መርጌታ «አንዲት ቃል ቀርታለች፣ ልጨምራት?» ይለኛል። ያልኩህን ብቻ ጻፍ አልኩት። እሷን ራሴ ይዣት እመጣለሁ።

አላህ ዕድሜህን ያርዝመው፣ ማሳህን ዝናብ አይንሳው፤ ለሀውራም ጀነትን ይስጣት። እሁድ በርህን ገርበብ አድርገህ ጠብቀኝ።

አውራ ጣቴን ያሳረፍኩበት፣
ታናሽ ወንድምህ