እጃቸውን ከሻርፕ ስር ያወጡት ግንበኛ

ልትሸኟቸው የመጣችሁ ወዳጆቻችን፣ ፀሐዩ በርትቷልና ጥላ ጥላውን ያዙ፤ የአቶ ወልደሩፋኤል ታሪክ ብዙ አያቆማችሁም።

አቶ ወልደሩፋኤል ከአባታቸው ከአቶ ጥላዬ አስፋውና ከእናታቸው ከወ/ሮ አትጠገብ ሞላ በ1950 ዓ.ም ደብረ ሲና ተወለዱ። እስከ ስድስተኛ ክፍል ተምረው ግንበኝነት ለመዱ። በ1985 ዓ.ም ጅጅጋ ገቡ፤ በዓመቱ ወ/ሮ ታንጉትን በቁርባን አገቡ።

ሥራቸው ከተቋራጭ በሰብ ኮንትራት እየያዙ ማሠራት ነበር። በ1995 ዓ.ም ተቋራጩ አቶ ጉሃድ ደምበል ወረዳ ላይ ቢርካ፣ ያው የዝናብ ውሃ የሚጠራቀምበትን ጉድጓድ፣ ሊያስቆፍሩ ጠሯቸው። አቶ ጉሃድ ድሮ የግመል ደላላ ነበሩና እንደ ግመል ገበያው ልማድ የአቶ ወልደሩፋኤልን እጅ በሻርፕ ስር ይዘው፣ ቆፋሪ ሠራተኞቹ ሳያዩ፣ ዋጋውን ጣት በመጫን ሊነግሯቸው ጀመሩ። አቶ ወልደሩፋኤል እጃቸውን መንጭቀው አወጡ።

«ጉሃድ፣ ግመል እየሸጥኩልህ እኮ አይደለም። የሚቆፍሩት እነሱ ናቸው፤ ይስሙት።»

«ከሰሙማ ያንተ ትርፍ የት ሊገባ ነው?»

«ትርፌንም ይወቁት።»

ሥራው ለሌላ ሰው ተሰጠ። ወ/ሮ ታንጉት ሦስተኛ ልጃቸውን አርግዘው ነበርና «ልጆቹን ኩራትህን ቀቅዬ ላብላቸው?» አሏቸው። እሳቸው የሰው አጥር ሲጠግኑ ከረሙ፤ እግዚአብሔርም አልጣላቸውም።

ደምበል ላይ ቢርካው ሲቆፈር ድንጋይ ወጣ። ዋጋው የተደበቀባቸው ሠራተኞች ተበላን ብለው ዶማቸውን ጥለው ሄዱ። አቶ ጉሃድ እቤታቸው ድረስ መጥተው፣ ጎረቤት እያየ፣ ዋጋውን በጣቶቻቸው ወደ ላይ ዘርግተው አሳዩ። «ይኸው ወልዴ፣ በአደባባይ!»

«አንድ ጣት ጨምርበት፤ ድንጋይ ነው።»

ተጨመረ። ከዚያ ወዲያ ከደምበል እስከ ጉናጋዶ አብረው ሠሩ፤ ልጆቻቸውም በዚያ ሥራ ገቢ አደጉ።

አምና ስትሮክ መትቷቸው አንደበታቸው ተያዘ። ባለፈው ሳምንት አቶ ጉሃድ ሊጠይቋቸው ገብተው በብርድ ልብሱ ስር እጃቸውን ያዙ። አቶ ወልደሩፋኤል በዚያ በደከመ ክንዳቸው የሁለቱንም እጅ ጎትተው ከብርድ ልብሱ በላይ አወጡትና ፈገግ አሉ። አቶ ጉሃድ እየሳቁ አለቀሱ።

የካቲት 11 ቀን 2009 ዓ.ም በ59 ዓመታቸው ዐረፉ። ወ/ሮ ታንጉትን፣ ልጆቻቸውን ይሁንን፣ ስንታየሁንና ጽጌን፣ አንዲት የልጅ ልጅም ትተዋል። በሰው ፊት በግልጥ እንደሠሩ መድኃኔዓለም ነፍሳቸውን በብርሃኑ ፊት ያሳርፍልን።

እናንተም ነገ ሰው ለሥራ ስትጠሩ፣ ለእሳቸው ስትሉ፣ ዋጋውን ሠራተኛው ባለበት ተናገሩ።