የጎረቤታችን ስም

የካቲት 21

ዛሬ ከእማዬ ጋር ፈረንሳይ ለጋሲዮን ለቅሶ ደርሰን መጣን። የድሮ ጎረቤታችን፣ ባለሱቁ ጋሽ ንጉሤ አርፈው ነው። ከታክሲ ስንወርድ ጉልበቷ አሳስቦኝ «እስከ ላይ የሚያደርሰን መኪና ልፈልግ?» ስላት፣ ዳገቱን ተያያዘችው። እኔ በአርባ ስድስት ዓመቴ ሁለቴ ቆሜ ተነፈስኩ። እሷ የቆመችው ለሰላምታ ብቻ ነው። በየደጁ ሰዉን ከነልጆቹ በስም እየጠራች፣ የአንዱ ልጅ አግብታ እንደሆነ፣ የሌላው ወገብ ተሽሎት እንደሆነ እየጠየቀች ወጣች። አንድም አልሳተችም።

ኮተቤ አብራኝ እንድትኖር ካመጣኋት ዓመት ሞላት። ዳገቱ ይጎዳታል ብዬ ሜዳ ላይ፣ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ የተከራየሁላት እኔ ነኝ። ከዚያ ወዲህ ከቤት የሚያስወጣት ጉዳይም፣ ደጅ ላይ የሚያስቆማት ሰውም የለም። ባለፈው ወር ወጥ ጥዳ ረሳችው። ሰሞኑን ደግሞ ቀን ትስታለች። ሐኪሙ «ዕድሜ ነው» አለኝ፤ እኔም አምኜው ነበር።

ስንመለስ መግቢያችን ላይ ያለችውን ሦስት ደረጃ ለመውጣት ክንዴን ያዘች። ግድግዳ የምትጋራን ሴትዮ በሯ ላይ ቆማ ሰላም አለችን። ገብተን እንደተቀመጥን ልፈትናት ፈልጌ፣

«እማዬ፣ የዚች ጎረቤታችን ስም ማን ነበር?» አልኳት።

«እኔ እንጃ። ስም የሚያዘው ሲጠሩት ነው» አለችና ነጠላዋን ማጣጠፍ ጀመረች። ቆይታ ደግሞ፣ «አንቺስ ማን ነው የምትያት?» አለችኝ።

ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት «ደህና አደርሽ» ብያት ነው የማልፈው። ስሟን ጠይቄያት አላውቅም።