ዓርብ የሚሞተው መብት

ሜፕልዉድ፣ ሚያዝያ 2000 ዓ.ም.

እማዬ፣

ናፍቆቴና ሰላምታዬ ደጅሽ ይድረስ። ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ? የደም ግፊቱን ክኒን ሳታቋርጪ ትውጫለሽ ወይ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ አይደለም።

ደረሰ ደውሎ ልጅሽ ቁማር ጀመረች እንዳለሽ ሰምቻለሁ። አንቺም ባልሽን ስሚ ብለሽ ልከሽብኛል። እንግዲህ አሁን ደግሞ እኔን ስሚኝ።

የልብ መሣሪያ ከሚሠራው ኩባንያ ስቀጠር አክሲዮን የመግዛት መብት ሰጡን። ኦፕሽን ይሉታል። ዋጋው የዚያን ቀን ተቆርጧል። በኋላ የአክሲዮኑ ዋጋ ከዚያ ከወረደ ትተዪዋለሽ፣ የምታጪው ነገር የለም። ከወጣ ግን በድሮው ዋጋ ትገዢና ልዩነቱ ያንቺ ነው። ስምንት ዓመት በማጉያ መነጽር ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ስበይድ ዋጋው ወጣ። ይህ የዓይኔ ዋጋ ነው እንጂ ቁማር አይደለም።

ገና ሰሞን ክፍላችንን ዘጉና ሌይኦፍ አደረጉን። ከሥራ የወጣ ሰው ደግሞ መብቱን በሦስት ወር ውስጥ ካልተጠቀመበት መብቱ ይሞታል። የእኔ የመጨረሻ ቀን ዓርብ ነበረች፤ እሷም የአክሲዮን ገበያው እስኪዘጋ ብቻ።

መግዣውን ከየት ታመጫለሽ እንዳትዪኝ። አክሲዮን የሚያሻሽጠው ደላላ፣ ብሮከሩ ጋ ደውለሽ ታዢያለሽ፤ ከአክሲዮኖቹ ጥቂቱን ሸጦ የመግዣውን ዋጋና ታክሱን ይከፍላል፣ የተረፉት በስምሽ ይገባሉ።

ደረሰን ያስቆጣው ይኸው «በስምሽ» የሚለው ነው። ሁሉም ተሸጦ ገንዘቡ በእሱ አካውንት ይግባ፣ ታክሲ ልግዛበት አለ። ግማሹን ለታክሲው ውሰድ፣ ግማሹ አክሲዮን ሆኖ በእኔ ስም ይቀመጥ አልኩት። በባልና ሚስት መካከል የእኔ የሚባል ነገር የለም አለኝ። የታክሲው ሊብሬ በማን ስም ሊወጣ ነው ብዬ ጠየቅሁት።

ከዚያ ሽማግሌ ጠራ። ጋሽ ኩምሳ፣ እዚህ ሴንት ፖል ያለ ያገራችን ሰው ሁሉ የሚያከብራቸው፣ ሁለታችንንም አዳመጡና ለትዳራችሁ ሰላም ሲባል መብቱ ለምን አይቀርም አሉ። እንደዚያ ከሆነ ማንም አያገኘውም አልኳቸው።

«ልጄ፣ ማንም ካላገኘው ማንም አይጣላበትም» አሉኝ።

ለክብራቸው ብዬ ዝም አልኩ። ዝምታዬን ግን እሺታ አደረጉት።

ዓርብ ጠዋት ደረሰ የቤቱን ስልክ ገመድ ነቅሎ ኪሱ ከተተ፤ ሞባይሌንም ያዘ። «ማታ ስመለስ የምንጣላበት ነገር አይኖርም» አለኝና ወጣ። አልጮኸም፣ እማዬ። ልጅ እንደሚያባብል ሰው ነበር የተናገረው። ያ ከጩኸት በለጠብኝ።

ለልጄ ለቤዛዊት ቦቲዋን አጥልቄላት በበረዶው ወጣን። በእንግሊዝኛ የት ነው የምንሄደው ስትለኝ ፈሪሃ ቤት አልኳት። ፈሪሃ አብራኝ ትሠራ የነበረች የወሎ ልጅ ናት። ባሱ በበረዶው እየዘገየብን፣ ቀያይረን ከሰዓት በኋላ ደረስን። አንድም ነገር ሳትጠይቅ ስልኩን ሰጠችኝ። ገበያው ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው ብሮከሩ ትእዛዜን ተቀብሎ፣ እርግጠኛ ነሽ ወይ ሲል ጠየቀኝ።

«አዎ፣ በእኔ ስም» አልኩት።

ሂሳቡ እስኪጣራ ጥቂት የሥራ ቀናት ፈጀ። ከዚያ የተረፉት አክሲዮኖች ገቡ። ቃሌን አላጠፍኩም፤ ግማሹን ሸጬ የታክሲውን ገንዘብ በጋሽ ኩምሳ በኩል ላክሁለት። እሳቸው እንደገና ስለ ሰላም ሊያወሩኝ ሲሞክሩ፣ እኔ ሰላም ነኝ አልኳቸው።

አንቺ ከአባትሽ ቤት የደረሰሽን ድርሻ ለወንድሞችሽ ትተሽ ሰላም አገኘሁ ስትዪ ሰምቼሻለሁ። ስትዪው ፊትሽን አይቼዋለሁና አሁን አትምከሪኝ።

እዚህ ሜፕልዉድ ክፍል ተከራይቼ በአረጋውያን መጦሪያ ሥራ ጀምሬያለሁ። በድሮው ቁጥር አትደውዪ፤ አዲሱን ከፖስታው ጀርባ ጽፌልሻለሁ። ቤዛዊት አዲሱን ትምህርት ቤት ለምዳዋለች። ቅዳሜ ቅዳሜ አባቷ ይወስዳትና ማታ ይመልሳታል።

ፋሲካውን በጤና ያድርስሽ፣ ጉልበትሽን ያጽናልሽ፣ ደጅሽ ሰው አይጣ። ብትቆጪኝም ምርቃትሽን አትንፈጊኝ።

ያንቺው ልጅ