የአባባ ቮልስና የመክብብ አዲስ መኪና

ለምወድህ ወንድሜ ሕዝቅያስ፦

የጆሃንስበርግ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ሐዋሳ፣ ጌታ ይመስገን፣ ሁላችንም አለን።

ጉድ ልንገርህ! የአጎታችን ልጅ መክብብ የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ማርሽ የለው፣ ቤንዚን የለው፣ አጠገብህ ደርሶ ሲቆም እንኳ አትሰማውም! አባባ ግን «ከእኔ ቮልስ አይበልጥም» ብለው ድርቅ አሉ። እሁድ ከቸርች መልስ ሐይቅ ዳር ጎን ለጎን አቁመን አወዳደርናቸው። ዳኛዋ እኔ ነበርኩ!

በፍጥነት መክብብ አሸነፈ። በውበት ቮልሷ፤ ሐይቁ ዳር ለፎቶ የመጡ ሙሽሮች እንኳ የራሳቸውን መኪና ትተው ከእሷ ጋር ፎቶ ተነሱ! የቀረው ድምፅ ነበር። ቮልሷን ታውቃታለህ፤ ገና ከመንገዱ ጫፍ ስትጮህ ሰምተን አይደል በር የምንከፍተው? አባባ ሲያስነሷት በሐይቁ ዳር የቆሙት አባ ኮዳ ወፎች ሁሉ በረሩ። ድሮ በድምፅዋ ብቻ ሕመሟን የሚያውቁት አባባ፣ ሞተሩ ላይ ጎንበስ ብለው አዳመጡ። ከዚያ ቀና አሉና «እኩል ናቸው፤ ሁለቱም ጸጥ ያሉ ናቸው» ብለው ፈረዱ። ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም ሰው ሲስቅ አይተው ሳቁ።

ከዚያ ወዲህ በሄዱበት ሁሉ ከጎናቸው ተቀምጬ እሄዳለሁ፤ ቮልሷን ወድጃት ነው። ከኋላችን ክላክስ ሲነፋ ክንዳቸውን መታ አደርጋለሁ።

ለአባባ ስትደውል በቪዲዮ አድርገው፤ ቀስ ብለህም አውራ። ጌታ በዓይነ ሥጋ እስኪያገናኘን በያለህበት ይጠብቅህ። ጢምህን ግን አደራ አሳጥረው፤ ከንፈርህን ሸፍኖታል።

እህትህ ሐዳሳ